የውሃ ቀለም የጠጣችው ውሻ

እናንተዬ፣ ሰው ወገቡን ሲታመም ምን ያደርጋል? ይታሻል፣ ይተኛል፣ ጠበል ይወርዳል። እኔ ግን ሠዓሊ ሆንኩ።

መተማ ዮሐንስ ላይ፣ ሰሊጥ የጫኑ ከባድ መኪኖች ወረፋ ይዘው ከሚቆሙበት አስፋልት ዳር፣ የትራክተር መለዋወጫ የምንሸጥባት ሱቅ አለችን። ክረምቱ ሲወጣ አንድ የማረሻ ዲስክ ብቻዬን አነሳለሁ ብዬ ብድግ ሳደርገው ወገቤ "ቋ!" አለ። ጎንደር ሄጄ ታየሁ። ሐኪሙ የራጁን ፎቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ ሲያይ ቆየና፣

"ዲስክህ ተንሸራትቷል" አለኝ።

"ኧረ ዶክተር፣ አልተንሸራተተም። ቀስ ብዬ ነው መሬት ያስቀመጥኩት" አልኩት።

ለካ እሱ የሚያወራው ስለ አከርካሪዬ ነው። ሲስቅ ጊዜ እኔም ልስቅ ሞከርኩ፤ ወገቤ አላስቅ አለኝ።

ከባድ ዕቃ አታንሳ፣ አትጎንበስ ተባልኩ። የትራክተር መለዋወጫ የሚሸጥን ሰው አታንሳ ማለት ዋናተኛን አትርጠብ እንደ ማለት ነው። እናም ሱቁን ባለቤቴ የሺ ያዘችው፤ እኔ በር ላይ ወንበር ተሰጠኝ። ሥራዬ ዕቃው የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ መጠቆም ነበር። ብዙም ሳይቆይ የሺ ከእኔ በላይ አወቀችው፤ ስጠቁም "አውቄዋለሁ፣ ጣትህን አታድክም" ትለኝ ጀመር። ከዚያ በኋላ ያለ ሥራ ቀረሁ።

ጎንደር ያለችው እህቴ "ይሄ ሰው ተቀምጦ ሲያስብ ይሞታል" ብላ ይመስለኛል፣ አንድ ሳጥን የውሃ ቀለም ከወፍራም ወረቀት ጋር ላከችልኝ። የልጆች ነው። ክዳኑ ላይ የሚስቅ ጥንቸል አለበት። በእኔ ዕድሜ፣ በዚህ ጢም፣ ጥንቸል ያለበት ሳጥን ታቅፎ አስፋልት ዳር መቀመጥ ምን እንደሚመስል እናንተው አስቡት።

ደግሞ መተማ የውሃ ቀለም አገር አይደለም። ብሩሹን ከጣሳው አውጥቼ ወረቀቱ ጋ እስካደርሰው ውሃው የለም፤ ተኗል። ቀለሙ ሳጥኑ ውስጥ እንዳለ እንደ ቅቤ ይለሰልሳል። ሰማይ ስስል ተሳቢ መኪና ያልፍና አቧራውን ያለብሰዋል፤ ሰማዬ መሬት ይሆናል። ከግንባሬ ላብ ጠብ ሲል ደግሞ መሬቴ ኩሬ ይወጣዋል።

መጀመሪያ የሺን ሳልኳት። ወረቀቱን ይዛ ዘቅዝቃም አቃንታም አየችው።

"ይቺ ማናት?"

"አንቺ ነሻ!"

ወረቀቱን መለሰችልኝ። ራት ሲደርስ ግን "ያቺ የሳልካት ሴትዮ ታቅርብልህ" ብላኝ ተኛች። ሰው መሳል በዚያው አበቃ።

ውሻ የመሳሉ ነገር የመጣው እንዲህ ነው። እዚህ ባለቤት የሌላቸው ውሾች ሞልተዋል። ፀሐዩ ሲበረታ በቆሙት መኪኖች ሥር ገብተው ይተኛሉ። ከወንበሬ ፊት ለፊት ያለው ነገር ጎማና ውሻ ብቻ ነው። ጎማ ስል ሰለቸኝ።

አሁን የምላችሁን አትሳቁብኝ። እኔ ተወልጄ እስከዚያን ጊዜ ድረስ ውሻ አይቼ አላውቅም ነበር። ውሻ አለ ብዬ አልፌ ይሆናል። አይቼ ግን አላውቅም። ለመሳል ብሎ መቀመጥ ሌላ ነገር ነው። ብሩሽ ስትይዝ ዓይንህ መሸሽ አይችልም።

ከሁሉም አንዲት አሸዋ መሳይ ቀለም ያላት ሴት ውሻ ነበረች። የግራ ጆሮዋ ጫፉ ተቀድዷል። እሷን ስስል ከሰዓቱ ሙሉ እንዳለ አለቀ፤ እንዴት እንዳለቀ አላውቅም። ያቺ ውሻ ስትተኛ ሁለንተናዋ ይተኛል፤ የተቀደደችው ጆሮ ግን አትተኛም። ትዞራለች። አንዴ ወደ ሱዳን ወደሚያሻግረው ድልድይ፣ አንዴ ከሱቃችን ጎን ወዳለው የሰሊጥ መጋዘን፣ አንዴ ወደ እኔ። ከላይዋ ያለው መኪና ሞተሩን ሲያስነሳ ንቅንቅ አትልም። ረዳቱ በሩን ሲደበድብ ንቅንቅ አትልም። ሾፌሩ እግሩን ከመሬት አንስቶ መርገጫው ላይ ሲያሳርፍ ግን፣ ምንም ድምፅ ሳይሰማ፣ እሷ ወጥታለች። ጎማው የሚዞረው ከዚያ በኋላ ነው። በእውነቱ ላቤ ቀዘቀዘ። ይሄን ሁሉ ዓመት በዚህ አስፋልት ላይ ስኖር እንዲህ ያለ ጥበብ ከእግሬ ሥር ይተኛ ነበር ማለት ነው?

ዓይኗ ደግሞ ሌላ ነው። የሰሊጥ ዘይት በጠርሙስ ሆኖ ለፀሐይ ስትይዘው የሚመስለውን ይመስላል። ከጥንቸሉ ሳጥን ውስጥ ያንን የሚሆን ቀለም የለም። ቡናማውንም ቢጫውንም ቀላቀልኩ፤ ጭቃ ሆነብኝ። ልደግመው ጎንበስ ስል እሷ ቀና ብላ አየችኝ። ረጋ ብላ፣ ሳትፈራ፣ ሳትለምን። እኔ ልስላት ስለካት እሷም በበኩሏ ስትለካኝ እንደነበር ያኔ ገባኝ። ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር ሁሉ ቆመ።

"ምን አግኝተህባት ነው እንዲህ የምታፈጥባት?" አለችኝ የሺ።

"ሳያት ወገቤን እረሳዋለሁ" አልኳት።

ሥዕሎቼን ሱቁ በር ላይ የኩሽኔታ ብረት እየጫንኩባቸው አደርቃቸዋለሁ። እናም ተመልካች መጣ። ጋሼ ደሴ የሚባሉ፣ እዚሁ ቅርብ ካለችው ኮኪት የመጡ ሰሊጥ አራሽ አሉ፤ ትራክተራቸው ተበላሽቶ ሱቃችን አጠገብ ቆሞ፣ ዕቃው እስኪመጣ እሳቸውም ከትራክተሩ ጋር አብረው ቆመዋል። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ሁልጊዜ ጥላ ፈልገው ይቀመጣሉ።

"ይሄ ፍየል ጥሩ ነው" አሉኝ አንዱን አንስተው።

"ውሻ ነው ጋሼ።"

"እሺ፣ ውሻ ይሁንልህ። ቀንዱን ለምን ሠራህለት ታዲያ?"

"ጆሮው ነው።"

አዝመራ ለመሰብሰብ ከደጋ የሚወርደውን የቀን ሠራተኛ እኛ ሳሉግ እንለዋለን። መኪና የሚጠብቁ ሳሉጎችም ይሰበሰባሉ። አንድ የጎጃም ልጅ ጅብ ነው አለ፤ አንድ የወሎ ልጅ ጅብማ ወገቡ ዝቅ ይላል፣ ይሄ ጥጃ ነው አለ። እስኪጣሉ ድረስ ተከራከሩ። ባለ ሥዕሉን እኔን ማንም አልጠየቀኝም።

ውሻ መሆኑን ሳትጠይቅ ያወቀች አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ ነፊሳ። ነፊሳ በቅርቡ ከሱዳኑ ጦርነት ሸሽታ የመጣች ሴት ናት። ከአስፋልቱ ማዶ አንድ ኒም ዛፍ አለ፤ ከዚያ ሥር ዝንጅብል ያለው ሻይ ትሸጣለች። ሻዬን ይዛ መጥታ ሥዕሉን አየችና "ይቺማ የኛ ናት" አለች። ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። እሷም ብርጭቆዋን ይዛ ተመለሰች።

እንግዲህ ጣጣው የመጣበት ቀን። ውሾቹ ሁሉ ቡናማ ስለሆኑ ቡናማዬ አልቋል። ያልተነካው ሰማያዊው ነበር፤ በቆላ ሰማያዊ ውሻ የለማ። ያን ቀን ግን እየደጋገምኩ ሳየው፣ ከመኪናው ሥር ያለው ጥላ ጥቁር አይደለም፤ ሰማያዊ ነው። እናንተም በቀትር ወጥታችሁ እዩት፣ ካልሆነ ውሸታም በሉኝ። በደስታ ሰማያዊውን ቀለም ከሳጥኑ በጣቴ ፈልቅቄ ግማሹን ጣሳው ውስጥ ጨመርኩት። ያን ጊዜ የሺ ከውስጥ "ና ይሄን ኩሽኔታ ንገረኝ፣ ቁጥሩ ጠፍቷል!" ብላ ጠራችኝ። ተፈልጌ የማላውቅ ሰውዬ ስጠራ ጊዜ ጣሳውን መሬት ላይ ትቼ ገባሁ።

ስመለስ ጣሳው ደርቋል። አሸዋ መሳይዋ ውሻ አስፋልቱን ተሻግራ ትሄዳለች። ፀሐዩ እሳት ነው፤ ምላሷ ተንጠልጥሏል፤ ታለከልካለች። ምላሷ ሰማያዊ ነው። ከንፈሯ ሰማያዊ ነው። ከሁለቱም የአፏ ጥግ ሰማያዊ አረፋ ይንጠባጠባል።

"እብድ ውሻ!" አለ የወሎው ልጅ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በሥርዓቱ ለመናገር ይከብደኛል። ሰው ሁሉ ከመሬት ተነሳ። ሳሉጎቹ የሰሊጥ ጆንያ ክምር ላይ ወጡ፤ ባጃጅ ውስጥ የማይገባ የሰው ብዛት ባጃጅ ውስጥ ገባ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው ጋሼ ደሴ የት ደረሱ ብዬ ብፈልጋቸው የትራክተራቸው ጣሪያ ላይ ቆመዋል። በየት እንደወጡ እስከ ዛሬ አልነገሩኝም። እኔም ወገቤን ይዤ "ቀለም ነው! ቀለም ነው!" እያልኩ እንደ ዳክዬ ሮጥኩ።

የሰፈራችን ሚሊሻ ፈንታ ጠመንጃውን አቀባብሎ ደረሰ። ውሻዋ በመጋዘኑ ግድግዳ ጥግ ቆማለች። እኔ መሐላቸው ገባሁ።

"ዞር በል ከፊቴ!" አለኝ ፈንታ።

"አላበደችም! የውሃ ቀለም ጠጥታ ነው!"

"ምን ጠጥታ?"

"የውሃ ቀለም!"

"ያበደ ውሻ እኮ ውሃ ይፈራል!" አሉ ጋሼ ደሴ ከትራክተሩ ላይ።

"እኔስ ምን አልኩ ጋሼ! ስላላበደች ነው የጠጣችው!"

የሚሰማኝ ጠፋ። ፈንታ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ማነጣጠር ጀመረ። ያቺ ጆሮ፣ ያ ዓይን፣ በአንዲት ጥይት ሊጠፋ ነው፤ ያውም በእኔ ጣሳ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ሳጥኑ በእጄ ነበርና የቀረውን ሰማያዊ አውጥቼ አፌ ውስጥ ከተትኩት። ኖራና ሳሙና ቀላቅሎ እንደ መብላት ነው። አኝኬ አኝኬ አፌን ከፈትኩና ወደ ፈንታ ሄድኩ።

"አአአ! እይ! አየህ?"

"ነክሳዋለች!" ብሎ ጮኸ የጎጃሙ ልጅ።

የተረፈው ሰው ሁሉ ሮጠ። ባጃጁ ውስጥ ያለው ሰው ባጃጁን ተሸክሞ የሮጠ መሰለኝ። የፈንታ አፈሙዝ ከውሻዋ ተነስቶ ቀስ እያለ ወደ እኔ ዞረ። ሰማያዊ አረፋ ከጢሜ ይወርዳል። ሳል ያዘኝ፤ ሳሌ ደግሞ ይብሱን የውሻ ጩኸት መሰለ።

የሺ ከሱቁ ወጣች። ኩሽኔታው በእጇ ነው። እኔን አየች፣ ፈንታን አየች፣ አልቸኮለችም።

"ፈንታ፣ ጠመንጃህን ዝቅ አድርግ። አንተ ደግሞ አፍህን ዝጋ።"

ሁለታችንም ታዘዝን። የነጠላዋን ጫፍ በውሃ ነክራ አገጬን ጠረገችና ጨርቁን ከፍ አድርጋ ለሕዝቡ አሳየች።

"ቀለም ነው። ባሌ ቀለም በላ። በቃ፣ ይሄው ነው።"

መጀመሪያ ጋሼ ደሴ ሳቁ፤ ከዚያ ጆንያው ላይ ያሉት ሁሉ ሳቁ። ፈንታ ግን አልሳቀም። "እሷንም አይቼ ነው የማምነው" አለ። ዘወር ስንል ውሻዋ የለችም። ሰማያዊ ነጠብጣብ ብቻ መሬቱ ላይ ወደ መጋዘኑ ጓሮ ይሄዳል።

ተከትለን ሄድን፤ ፈንታ፣ የሺ፣ እኔ። ነፊሳም ሻይዋን ትታ ተከተለችን። ጓሮ ውስጥ ከስንት ዓመት በፊት የሞተ ኮምባይነር አለ፤ ሳር ውጦታል። ነጠብጣቡ ከሥሩ ገባ። ፈንታ ጠመንጃውን አስቀድሞ ጎነበሰ። እኔ መጎንበስ ስለማልችል እንደ ግመል በጉልበቴ ተንበረከክኩ።

አራት ቡችሎች። ዓይናቸው ገና መገለጡ ነው። እሷ ከበላያቸው ቆማ እየላሰቻቸው ነበር። በላሰችበት ሁሉ ሰማያዊ ነው። ከግንባራቸው ወደ ጀርባቸው፣ ከጀርባቸው ወደ ሆዳቸው፣ ሰፋ ብሎ ጀምሮ እየቀጠነ የሚያልቅ ሰማያዊ። እኔ ብሩሽ ይዤ ስታገል የከረምኩበትን መስመር በምላሷ አንድ ጊዜ ሳብ ስታደርገው ይወጣል። አንዱ ቡችላ ከላይ የወደቀች የብርሃን ጭረት ላይ ተኝቶ ነበርና ሰማያዊው አበራ።

"ወልዳለች እንዴ?" አለ ፈንታ፣ ድምፁ ቀጥኖ።

የሺ ወደ እኔ ዞረች። "ይሄን ሁሉ ጊዜ ስታፈጥባት ጡቷን አላየኸውም?"

ለካ አይቼዋለሁ። ስየዋለሁም። ጡት የሚያክል ነገር እየሳልኩ ልብ አላልኩትም።

ነፊሳ ከኋላችን ተቀምጣ ነበር። "መንገድ ላይ ነው ያገኘችን" አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። "ስንወጣ፣ ከጦርነት። የማንም አይደለችም። እኛ ስንቆም ትቆማለች፤ ስንሄድ ትሄዳለች። እርጉዝ ነበረች፣ ወላሂ። ድልድዩ ላይ እኛን ወረቀት አምጡ አሉን። እሷን ማንም አልጠየቀም። ዝም ብላ አለፈች።" ሳቅ ልትል ሞከረች። "እኔ ያኔ፣ ያ አኹይ፣ ወንድሜ፣ ምነው ውሻ በሆንኩ አልኩ።"

ፈንታ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አንጠለጠለው።

"አሁን እዚህ አትቀመጥም" አለች ነፊሳ። "ቦታዋን አይታችኋል። ትሄዳለች።"

እውነቷን ነው። ገና ከጓሮው ሳንወጣ ውሻዋ አንዱን ቡችላ በማጅራቱ አንጠልጥላ በመሐላችን አለፈች። ከእግራችን ሥር ማለት ነው። አንዳችንንም አላየችንም። አስፋልቱ ዳር ደርሳ ቆመች። ያ ደግሞ ሰሊጥ የጫነው መኪና ሁሉ የሚንቀሳቀስበት ሰዓት ነው፤ ጎማ ከጎማ ተነካክቶ ይሄዳል። እሷ ያቺን ጆሮ ወደዚህም ወደዚያም አዞረችና፣ በአፏ ቡችላ እንደያዘች፣ ገባች።

ፈንታ ጮኸ። ሮጦ መሐል አስፋልት ቆመና እጁን ወደ ላይ ዘረጋ። የፊተኛው ተሳቢ ጎማው እየጮኸ ቆመ። ከኋላ ያሉት ጥሩምባቸውን አቀለጡት። ሾፌሩ ሊሳደብ አንገቱን በመስኮት አወጣ፤ ወደ ታች ሲያይ ስድቡ እዚያው ቀረ። ሰማያዊ ቡችላ አይቶ የሚያውቅ ማነው?

ተሻገረች። ኒሙ ሥር ሄዳ፣ ነፊሳ ምድጃዋንና በርጩማዋን ካስቀመጠችበት፣ ግንዱን ተጠግታ ቡችላውን አኖረች። ተመለሰች። ሁለተኛውን ያዘች። ስትመላለስ አንድ በአንድ ሞተሩ እየጠፋ ሄደ። የፊተኛው አጠፋ፣ የኋላውም አጠፋ፣ ከዚያ እስከ ድልድዩ ድረስ አንዱ አንዱን እያየ አጠፋ። መተማ እንዲህ ዝም ያለችበትን ጊዜ አላስታውስም። የሰሊጥ ጆንያ ላይ የነበሩት ሳሉጎች ወርደው በመንገዱ ግራና ቀኝ ቆሙ። ጋሼ ደሴ ባርኔጣቸውን አወለቁ። የጥፍሯ ድምፅ አስፋልቱ ላይ ይሰማል፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

የመጨረሻው ቡችላ ወፍራም ነው። መሐል አስፋልት፣ ልክ ተሳቢው ፊት፣ አመለጣት። ሕዝቡ "ውይ!" አለ። እሷ አልደነገጠችም፤ መሬት አስቀመጠችው፣ ላሰችው፣ አስተካክላ ያዘችው፤ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ የመኪናው ሰልፍ ለእሷ ተብሎ የተሠራ ይመስል፣ ሄደች።

ቡችሎቹን ከግንዱ ሥር ሰብስባ ስትጠመጠምባቸው ከኒሙ ጠባብ ጥላ የቀረው የምድጃው ቦታ ብቻ ነበር። ነፊሳ መጣች። ቆማ አየቻቸው። ከዚያ የከሰል ምድጃዋን በሁለት ጨርቅ ይዛ አነሳችና ወደ ፀሐዩ አወጣችው። ተመልሳ በርጩማዋን አወጣች። ብርጭቆዎቿን አወጣች።

"ምን ነካሽ ነፊሳ፣ ፀሐይ እኮ ነው!" አልኳት።

"ኸላስ፣ በቃ" አለች። "አራስ አለች። አራስ ያለችበት ቤት ሻይ አይሸጥም።"

ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ውሃውን ጣደች። ወረቀቱም ብሩሹም ወንበሬ ላይ ነበሩ፤ አላነሳኋቸውም። የሚሳል ሳይሆን ቆመው የሚያዩት ነገር ነው። የሺ ከጎኔ ቆማ ክንዴን ይዛኛለች፤ ለወገቤ ይሁን ለሌላ አልጠየቅኳትም።

የተሳቢው ሾፌር ወርዶ መጣ። ወደ ጥላው ተመለከተ፣ ወደ ነፊሳ ተመለከተ፣ ፀሐዩ ላይ ቁጢጥ አለና በሹክሹክታ ሻይ አዘዘ። ጋሼ ደሴም አጠገቡ ተቀመጡ፣ ሳሉጎቹም። ሁሉም ፀሐይ ላይ። እስከ ድልድዩ ድረስ አንድ ጥሩምባ አልተሰማም። መሐል አስፋልት ላይ ፈንታ ወደ ኒሙ ጥላ ዞሮ፣ አፉን ከፍቶ፣ እጁን ገና አላወረደም ነበር።